«ተጠባባቂው ዋና ሆነ»፦ ከጥንድ ፋየርዎል ስለሚደርሱ ያልተጠበቁ መልእክቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ ሁለት ማሽን ተጣምሮ እንደ አንድ ፋየርዎል የሚሠራበትን ኔትወርክ ለሚያስተዳድሩ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ምሳሌዎቹ የተወሰዱት ፒኤፍሴንስና ኦፒኤንሴንስ ከሚባሉት የፋየርዎል ሶፍትዌሮች ነው። ሁለቱም የቆሙት ፍሪቢኤስዲ በሚባለው ስርዓተ ክወና ላይ ስለሆነ ስለ ርክክብ የሚጽፉት መልእክት ከአንድ ምንጭ ይቀዳል። ከዚህ በታች «ዋና» የሚባለው የጋራውን አድራሻ ይዞ በዚያ ሰዓት ትራፊክ የሚያስተላልፈው ማሽን ነው፤ «ተጠባባቂ» የሚባለው ደግሞ ጆሮውን አቅንቶ ተራውን የሚጠብቀው።

«ተጠባባቂው ዋና ሆነ» የሚል መልእክት ሌሊት ደረሰኝ። ተነሥቼ ቢሮ መሄድ አለብኝ?

አብዛኛውን ጊዜ የለብዎትም። መልእክቱ የሚናገረው ጥንዱ የተገዛበትን ሥራ መሥራቱን ነው። ካርፕ በሚባለው ስምምነት መሠረት ዋናው ማሽን በየሴኮንዱ «አለሁ» እያለ ይጣራል። ተጠባባቂው ያን ድምፅ ለተወሰነ ጊዜ ካጣው ሥራውን ይረከባል። በተለመደው አደረጃጀት የዋናው መዘግየት (በጥሪው ላይ የሚደመር፣ በሴኮንድ 256ኛ ክፍል የሚቆጠር ጊዜ) 0፣ የተጠባባቂው 100 ነው፤ ስለዚህ ተጠባባቂው የሚታገሠው ለ3.4 ሴኮንድ ያህል ብቻ ነው።

ከመልእክቱ ጫፍ ላይ የተጻፈውን ምክንያት ግን ሳያነብቡ አይተኙ። «ማስተር ታይምድ አውት» የሚል ከሆነ ተጠባባቂው ምንም ድምፅ አልሰማም ማለት ነው። ዋናው ሞቷል ማለት አይደለም፤ ምናልባት በመካከላቸው ያለው ስዊች ዝም አሰኝቶት ይሆናል። «ፕሪኤምፕቲንግ ኤ ስሎወር ማስተር» የሚል ከሆነ ደግሞ ነገሩ ሌላ ነው፤ ዋናው በሕይወት አለ፣ ነገር ግን ሕመም ተሰምቶት ራሱን ዝቅ በማድረጉ ተጠባባቂው ቀድሞታል።

ከአልጋዎ ሳይነሡ በስልክዎ ሁለቱንም ማሽኖች በየግል አድራሻቸው ይክፈቷቸው። አንዱ ዋና፣ ሌላው ተጠባባቂ ከሆነና ሁለቱም ከመለሱልዎት ቀሪው ለነገ ይደር። ሁለቱም «ዋናው እኔ ነኝ» ካሉ ግን ይነሡ፤ እሱን ከታች አስፍተን እናየዋለን።

ሁለቱም ማሽኖች በአንድ ስም ነው የሚልኩት። የትኛው እንደጻፈ እንዴት ልወቅ?

ሌላውን ሁሉ ትተው ይህን መጀመሪያ ያስተካክሉ። አንዱን ማሽን ገልብጦ ሌላውን ያዘጋጀ ሰው ስሙን መቀየር ይረሳል፤ ስህተቱም ችግር እስኪመጣ ድረስ አይታይም። እኔ በዚህ ምክንያት አንድ ጊዜ ጤነኛውን ማሽን አጥፍቼ አስነሥቻለሁ። የታመመው «አልቻልኩም» ብሎ ጽፎልኝ ነበር፤ እኔ ግን ደብዳቤውን ያየሁት ከጤነኛው እንደመጣ አድርጌ ነው። ጤነኛው እስኪነሣ ድረስ ሕንፃው በሙሉ ያለ ኢንተርኔት ተቀመጠ። ከዚያ ወዲህ ስማቸውን በቁጥር ሳይሆን በተቀመጡበት ቦታ ሰየምኳቸው፤ አንዱ «ላይኛው»፣ ሌላው «ታችኛው» ነው። ሌሊት ላይ 1 እና 2 ይምታታሉ፤ ላይና ታች አይምታቱም።

የጥንድ ማሽን መልእክት የአንድ ባለጉዳይ ቃል ነው። ሌላኛው ወገን በዚያው ደቂቃ ምን እንዳለ ሳይሰሙ መፍረድ አይቻልም። እኔ አሁን የአንዱን መዝገብ ስከፍት የሌላውን ከጎኑ ሳልከፍት አላነብብም።

የሁለቱን መዝገብ ጎን ለጎን ከፈትኩ፤ ሰዓታቸው ግን አይገጥምም።

እኛ አገር ይህ ጥያቄ ከሌላው አገር በአንድ እጥፍ ይከብዳል፤ የምንኖረው በሁለት ሰዓት ነውና። አንድ ቀን የገጠመኝን ልንገርዎት። የላይኛው ማሽን «የኔትወርክ ገመዱ ተቋረጠ» ብሎ የጻፈው 23፡40 ላይ፣ ያውም በዋዜማው ቀን ነው። የታችኛው ይህንኑ የጻፈው 02፡40 ላይ ነው። የግቢው ጥበቃ በደብተራቸው «ሌሊት 8፡40 መብራት ጠፋ፣ 8፡43 ጀነሬተር ተነሣ» ብለው መዝግበዋል። ሦስት ሰነድ፣ ሦስት ሰዓት፣ ሁለት ቀን። ሁሉም ትክክል ነበሩ።

የላይኛው ማሽን በዓለም አቀፉ ሰዓት ላይ እንደተቀመጠ ቀርቷል፤ የእኛ ሰዓት ከእሱ 3 ሰዓት ይቀድማል። የታችኛው በአዲስ አበባ ሰዓት ተስተካክሏል። ጥበቃው ደግሞ ሌሊቱን ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምረው ቆጥረዋል፤ ስለዚህ 02፡40 ለእሳቸው 8፡40 ነው። እኔ ግን ግማሽ ቀን ያጠፋሁት ሦስት ልዩ ልዩ ብልሽቶች አሉ ብዬ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ ሁለቱም ማሽኖች አንድ የሰዓት ክልል ይኑራቸው፣ ሁለቱም ሰዓታቸውን ከአንድ የኤንቲፒ (በኔትወርክ ሰዓት የሚሰጥ) ምንጭ ይውሰዱ። ለሰው ሲናገሩ «በፈረንጅ» ወይም «በሐበሻ» ብለው ይጨምሩ። ኢሜይሉ ወደ ስልክዎ የገባበትን ሰዓት ደግሞ ከናካቴው አይመኑት። መስመር በተቋረጠበት ጊዜ የተጻፈ መልእክት ወረፋ ይዞ ቆይቶ መስመሩ ሲመለስ ይጎርፋል። የተፈጸመበት ሰዓት ያለው በመልእክቱ ውስጥ ነው።

ሁለቱም ማሽኖች «ዋና ነኝ» ይላሉ። ለምን?

አንዱ የሌላውን ድምፅ ስለማይሰማ ነው። እያንዳንዱ የሌላውን ጥሪ ካልሰማ ሌላው እንደሞተ ይቆጥራል፤ በራሱ በኩል ሲታይ አልተሳሳተም። ጉዳቱ ግን ከባድ ነው። ሁለቱም ለአንድ የአይፒ አድራሻ በአንድ የማክ አድራሻ (ስዊች ማሽንን በሚለይበት መታወቂያ) ይመልሳሉ፤ ስዊቹ ያን አድራሻ አንዴ በዚህኛው፣ አንዴ በዚያኛው በር ያገኘዋል። ሠራተኛው «ኢንተርኔቱ ይመጣል ይሄዳል» ብሎ የሚያማርረው ያኔ ነው። ሙሉ በሙሉ ቢቋረጥ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ የት እንደሚፈልጉት ያውቃሉ።

መጀመሪያ ደሙን ያቁሙ፦ በተጠባባቂው ላይ ካርፕን ለጊዜው የሚያጠፋውን ቁልፍ ይጫኑ። ኃይል መንቀል አያስፈልግም፤ ማሽኑ ከጠፋ ምርመራውም አብሮ ይጠፋል። ቀጥሎ በተጠባባቂው ላይ ቲሲፒደምፕ በሚባለው የትራፊክ ማዳመጫ መሣሪያ የሚገባውን ትራፊክ ያዳምጡ። የሚፈልጉት ወደ 224.0.0.18 የሚላከውን፣ የፕሮቶኮል ቁጥሩ 112 የሆነውን ነው። ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል።

የዋናው ጥሪ ጭራሽ ካልደረሰ ጥፋቱ በመካከል ነው። ለቡድን የሚላክ ትራፊክን የሚያጣራ ስዊች አንዱ ተጠርጣሪ ነው፤ በአንዱ በር ላይ ሳይፈቀድ የቀረ ቪላን (በስዊቹ ውስጥ ተከፍሎ የተለየ ኔትወርክ) ሌላው። ማሽኖቹ በቪኤምዌር ላይ የሚሠሩ ምናባዊ ማሽኖች ከሆኑ በቨርችዋል ስዊቹ የደኅንነት ገጽ ላይ ያሉትን ሦስት ፈቃዶች ይመልከቱ፦ የሌላን ትራፊክ ማዳመጥ፣ የማክ አድራሻ መቀየርና ከራስ ውጭ በሆነ ማክ መላክ። ካርፕ የጋራ ማክ ስለሚጠቀም ሦስቱም ያስፈልጉታል።

ጥሪው እየደረሰ ተጠባባቂው ካልተቀበለው ደግሞ የምስጢር ቃላቸው ተለያይቷል። መዝገቡ «ኢንኮሬክት ሃሽ» ይላል። ሁለቱም ላይ እንደ አዲስ ይጻፉት፤ መቅዳትና መለጠፍ አንዳንድ ጊዜ መጨረሻው ላይ ባዶ ቦታ ይዞ ይመጣል።

መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር ሁለቱም ዋና ይሆናሉ፤ ከግማሽ ደቂቃ በኋላ ራሱ ይስተካከላል። ችላ ልበለው?

አይበሉት፤ ግን አይደንግጡ። በጥበቃው ደብተር ላይ የተመዘገበው ሌሊት የሆነው ይኸው ነው። ሁለቱ ፋየርዎሎች በዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ኃይል በሚሰጥ ባትሪ) ላይ ነበሩ፤ የሚያገናኛቸው ስዊች ግን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ተሰክቷል። መብራት ሲሄድ ስዊቹ ጠፋ። ጀነሬተር ሲነሣ ስዊቹም ተነሣ፤ የፋየርዎሎቹ ኬብሎችም ወዲያው «ተገናኝተናል» አሉ። ነገር ግን ስዊቹ በኔትወርኩ ውስጥ ዙሪያ ጥምጥም መንገድ አለመኖሩን ለማረጋገጥ እያንዳንዱን በር 15 ሴኮንድ ያዳምጥበታል፣ ሌላ 15 ሴኮንድ ይማርበታል፤ ከዚያ በፊት ምንም አያሳልፍም። ስፓኒንግ ትሪ የሚባለው አሠራር በነባር አኳኋኑ ይህ ነው።

አሁን ሒሳቡን ያስቡት። በሩ ለ30 ሴኮንድ ዝግ ነው፤ ተጠባባቂው የሚታገሠው ለ3.4 ሴኮንድ ነው። ስለዚህ ሁለቱም በየበኩላቸው ዋና ይሆናሉ። በሩ ሲከፈት ተጠባባቂው የዋናውን ጥሪ ይሰማና «ከእኔ የፈጠነ ጥሪ ሰማሁ» ብሎ ጽፎ ወደ ቦታው ይመለሳል። በእንግሊዝኛ «ሞር ፍሪኩዌንት አድቨርታይዝመንት ሪሲቭድ» የሚለው መልእክት ይህ ነው፤ ሲያዩት ደስ ይበልዎት፣ የዕርቅ መልእክት ነው።

ፋየርዎሎቹ የተሰኩባቸውን በሮች ስዊቹ ሳይጠብቅ እንዲከፍታቸው ማዘዝ ይቻላል፤ በአብዛኞቹ ስዊቾች ላይ ፖርትፋስት ወይም የጠርዝ በር ይባላል። ስዊቹን ወደ ዩፒኤሱ ማዛወር ግን ይቀድማል። ሁለት ፋየርዎል ገዝቶ በአንድ ጥበቃ በሌለው ስዊች ላይ ማንጠልጠል በብዙ ቦታ ያየሁት ነገር ነው።

«በ240 ዝቅ ተደርጓል» ሲል ምን ማለቱ ነው? የምን 240?

እያንዳንዱ ማሽን የሕመም ነጥብ አለው። ጤነኛ ሲሆን 0 ነው። አንድ የኔትወርክ ገመድ ሲቋረጥበት ወይም ጥሪውን መላክ ተደጋግሞ ሲያቅተው በራሱ ላይ 240 ይጨምራል። ነጥቡ በመዘግየቱ ላይ ስለሚደመር የታመመው ማሽን ጥሪ ይዘገያል፤ በየሴኮንዱ ይጣራ የነበረው ወደ 2 ሴኮንድ ለሚጠጋ ጊዜ ይቆያል። የተጠባባቂው ጥሪ በ1.4 ሴኮንድ ስለሚመጣ ይቀድመዋል፣ ይረከበዋልም።

ነጥቡ የሚሰጠው ለማሽኑ በሙሉ እንጂ ለአንድ ገመድ ብቻ አይደለም። ለዚህ ነው የውስጡ ገመድ ብቻ ተነቅሎ የውጭውም አድራሻ አብሮ የሚዛወረው። «የነካሁት የውስጡን ነው፤ የውጭው ለምን ሄደ?» ብለው የሚጨነቁ ብዙ ናቸው። መሄድ አለበት። ባይሄድ ኖሮ ትራፊኩ በአንዱ ማሽን ገብቶ መውጫ በሌለው ቤት ውስጥ ይቀር ነበር።

የቁጥሩን ምልክት ልብ ይበሉ። «በ240» ሲል ሕመም ነው፤ «በቀናሽ 240» ሲል ድኗል። ማሽኑ ከተነሣ በኋላ «ፒኤፍሲንክ በልክ ስታርት» (ፒኤፍሲንክ የግንኙነት ዝርዝርን ከማሽን ወደ ማሽን የሚያመሳስለው ነው) ከሚል ምክንያት ጋር 240 ቢጨምር ሕመም አይደለም፤ ክፍት ግንኙነቶችን ከጓደኛው እስኪቀበል ድረስ ራሱን ወደ ኋላ ማድረጉ ነው። ሲጨርስ «በልክ ዳን» ብሎ ይቀንሰዋል። ሥራውን የሚወስደው ከዚያ በኋላ ነው፤ ስለዚህ አስነሥተውት ወዲያው ዋና ካልሆነ አይጣደፉበት።

የክትትል ሶፍትዌሩ «ሰርቨሩ እንደገና ተነሣ» አለኝ። ማንም አልነካውም።

የሚከታተለው የጋራውን አድራሻ ነው ማለት ነው። ትናንት በዚያ አድራሻ የመለሰለት 212 ቀን ሳይጠፋ የቆየው ማሽን ነበር፤ ዛሬ የመለሰለት ከተነሣ 40 ቀን የሆነው ነው። ሶፍትዌሩ ቀኑ መቀነሱን ያያል፣ «ተነሣ» ብሎ ይደመድማል። በኤስኤስኤች ሲገቡ «የዚህ አገልጋይ መታወቂያ ተቀይሯል፣ ሰርጎ ገብ ሊኖር ይችላል» የሚለው አስደንጋጭ ማስጠንቀቂያም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ይመጣል። ያም ሆኖ «ከዚሁ ነው» ብለው ሳያረጋግጡ አይለፉት፤ የቀረበልዎት የመታወቂያ አሻራ የሁለተኛው ማሽን መሆኑን ያመሳክሩ።

ሁለቱን ማሽኖች በየግል አድራሻቸው ይከታተሉ። የጋራውን አድራሻ ደግሞ በሦስተኛነት፣ መመለሱን ብቻ ለማወቅ።

ተጠባባቂው ሥራ ፈት ነው። ታዲያ ለምን እንደ ዋናው በሺዎች የሚቆጠር ክፍት ግንኙነት ያሳያል?

የዋናውን ዝርዝር በፒኤፍሲንክ በኩል እየገለበጠ ስለሚይዝ ነው። ሲረከብ የሰዉ ግንኙነት እንዳይቆረጥ የሚያደርገው ይህ ግልባጭ ነው። እንዲያውም የሚያሳስበው ተቃራኒው ነው፤ ዋናው 60 ሺህ ይዞ ተጠባባቂው ጥቂት መቶ ብቻ ካሳየ ማመሳሰሉ ቆሟል። በመካከላቸው ያለውን የማመሳሰያ ኬብል ይመልከቱ።

«የግንኙነት ሰንጠረዡ ጣሪያ ላይ ደረሰ» የሚል መልእክት ከሁለቱም ቢመጣም እንደዚሁ ምንጩ አንድ ነው። አንድ ግንኙነት 1 ኪሎባይት ያህል ማስታወሻ ይወስዳል፤ ጣሪያውን ከፍ ማድረግ ስለዚህ ውድ አይደለም። ግን ከፍ ከማድረግዎ በፊት ግንኙነቶቹን በመነሻ አድራሻ ይደርድሯቸው። ከአንድ ኮምፒውተር ብቻ 30 ሺህ ካዩ ጣሪያው አይደለም ችግሩ፤ ያ ኮምፒውተር ነው።

ተጠባባቂው ብቻ «ማሻሻያ መፈተሽ አልቻልኩም»፣ «ሰዓት የምጠይቀው ጠፋ» ይላል። ዋናው ምንም አይልም።

ወደ ውጭ የሚወጣው ትራፊክ ሁሉ የጋራውን አድራሻ ለብሶ እንዲወጣ ታዝዟል፤ የተጠባባቂው የራሱ ጥያቄም አብሮ። ጥያቄው ይወጣል፤ መልሱ ግን የጋራውን አድራሻ ወደ ያዘው ወደ ዋናው ይሄዳል። ዋናው ያልጠየቀውን መልስ አይቀበልም፣ ይጥለዋል። በአድራሻ ለዋጩ ደንብ ውስጥ የውስጥ ኔትወርኩን ብቻ ይጥቀሱ፤ ማሽኖቹ ራሳቸው በየግል አድራሻቸው ይውጡ።

«አንድ አድራሻ ከአንድ ማክ ወደ ሌላ ተዛወረ» የሚል መልእክት ይደጋገማል። ማክ አድራሻው በ00-00-5ኢ-00-01 ይጀምራል።

በዚያ የሚጀምር ማክ የጋራ አድራሻ ነው፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት ምልክቶች የቡድኑን ቁጥር፣ ማለትም ጥንዱ በመስመሩ ላይ የሚለይበትን ቁጥር፣ ይነግሩዎታል። በርክክብ ጊዜ አንድ ሁለቴ ቢጻፍ ደንብ ነው። በየደቂቃው ከተጻፈ ሌላ ጥንድ በዚያው መስመር ላይ ያንኑ ቁጥር ይዞ ይሆናል፤ ብዙ ጊዜም የኢንተርኔት አቅራቢው ራውተሮች ናቸው።

የግጭቱ ሥር የቆየ ነው። ራውተሮች ለዚህ ሥራ የሚጠቀሙት ቪአርአርፒ የሚባለውን ስምምነት ነው። ኦፕንቢኤስዲ የሚባለውን ስርዓተ ክወና የሚሠሩት ሰዎች በዚያ ዙሪያ የተነሣውን የፓተንት ይገባኛል ለመሸሽ የራሳቸውን ካርፕን ሠርተው እ.ኤ.አ. በ2004 በ3.5 እትም አወጡት፤ የፕሮቶኮል ቁጥሩን 112ንና የማኩን መነሻ ግን ከቪአርአርፒ ጋር ተጋሩት። ሁለቱም ወገን ቁጥር 1ን ከመረጠ ይጋጫሉ፤ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ 1ን ይመርጣል። እስከ 255 ድረስ አለና 73 ወይም 118 ዓይነቱን ይያዙ። በሁለቱም ማሽኖች ላይ አብሮ መቀየሩን ግን አይርሱ።

መልእክቱ በዛብኝ። ላጥፋው?

ቀስቃሹን ያዘግዩት እንጂ አያጥፉት። ሞኒትን የመሰሉ መከታተያዎች ችግሩ ለተከታታይ ዙሮች ካልቆየ እንዳይጽፉ ማዘዝ ይቻላል። ለመስመር መዘግየትና ለማሽን ጭነት እኔ አምስት ዙር እሰጣቸዋለሁ። ለርክክብ መልእክት ግን አንድም አልሰጥም፤ ሁሉም ይምጣ። ጥገና ሲሠሩ የሚመጣውን ጎርፍ ለመቀነስ ማሻሻያውን ከተጠባባቂው ይጀምሩ፤ ወደ ዋናው ሲደርሱ ደግሞ መጀመሪያ ወደ ጥገና ሁኔታ ያስገቡት።

ባለሙያ ስጠራ ምን ላዘጋጅ?

የሁለቱንም ማሽኖች መዝገብ፣ ከክስተቱ 10 ደቂቃ በፊት ጀምሮ። ከአንዱ ብቻ ቆርጠው አይላኩ። የስዊቹን መዝገብ ካገኙ እሱንም። የሁለቱን ማሽኖች ሰዓት በአንድ ቅጽበት ያነሡትን ፎቶ። ከዚያ ወደ በሩ ወርደው መብራት በስንት ሰዓት እንደሄደ ጥበቃውን ይጠይቁ፤ የፈረንጅ ይሁን የሐበሻ ግን እዚያው ያጣሩ።